በአሰላ ብርድ ማራገቢያ

ሐምሌ 4 ቀን 2017፣ ዓርብ

ዛሬ ማራገቢያ ገዛሁ። ያውም ስድስት! የጭላሎ ተራራ ጉም ውስጥ ገብቶ በጠፋበት፣ ሰው ጋቢ በጋቢ ላይ ደርቦ በሚሄድበት በሐምሌ ወር አሰላ ላይ ማራገቢያ የገዛች ሴት ከእኔ ሌላ ያለች አይመስለኝም። ሻጩ አላመነኝም። «እትዬ፣ ማሞቂያ ለማለት ፈልገው ነው?» አለኝ። «አይ የኔ ጌታ፣ ማራገቢያ ነው፤ እነዚያን ትንንሾቹን» አልኩት። ከተበተኑ አሮጌ ኮምፒውተሮች የወጡ ናቸው፤ እያንዳንዳቸው መዳፌን ያህላሉ፤ ከጎናቸው ቀይና ጥቁር ሽቦ ተንጠልጥሏል። በፌስታል አድርጎ ሰጠኝ። መንገድ ላይ ሁለቴ ፌስታሉን ከፍቼ አየኋቸው፤ ጫጩት የገዛሁ ነው የመሰለኝ።

ነገሩን ከመጀመሪያው ልጻፈው። ይህን ደብተር ያስጀመረችኝ ፋጡ ናት። ፋጡ ከቤቴ ፊት ለፊት ጨርቅ የምትሸጠዋ ጎረቤቴ ናት። «ያ ሃዳ ፈናን፣ ወላሂ ጆሮዬ ደከመ፤ የተረፈውን ለወረቀት ንገሪው» አለችኝ። ሃዳ ፈናን የፈናን እናት ማለት ነው፤ በቀለች የሚለውን ስሜን ከቀበሌ መታወቂያ በስተቀር የሚያስታውሰው የለም።

ላውንደሪ አለኝ። ፈናን አግብታ አቦምሳ ከሄደች በኋላ በሳሎኑ ግማሽ ማሽን አስገብቼ የከፈትኩት ነው። በጋ ላይ ደስታ ነው፤ ታጥባለህ፣ ታሰጣለህ፣ ታጥፋለህ። ክረምት ሲገባ ግን ማጠቡ አይደለም፤ ማድረቁ ነው መከራው። ሰኞ የታጠበ አንሶላ ሐሙስም እርጥብ ነው። አንሶላዋን እኔ ጋ የምታሳጥበው የፔንሲዮኗ እመቤት ባለፈው አንሶላውን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ፣ «በቀለች፣ እውነት ይሄ ታጥቧል?» አለችኝ። ታጥቧል! ሁለቴ ታጥቧል! ግን የእርጥበት ሽታ አለው። ከሰል አንድጄ ሞከርኩ፤ ሽታው ወደ ጭስ ተቀየረ። ሂተር ሰካሁ፤ ብሬከሩ ወደቀ፣ ፋጡም ቤት መብራት ጠፋ፣ ፋጡም መጣች።

ከዚያ አሰብኩ፤ የእግዚአብሔር ነፋስ ካልመጣ እኔ ልሥራው።

ሐምሌ 6፣ እሑድ

ከቸርች ስመለስ ፈናን ደወለች። እሑድ እሑድ ነው የምትደውለው።

«እማዬ፣ ልብሱ ይደርቃል?»

«እንዴታ!» አልኩ። እጄ ላይ ያለው ፎጣ እግሬ ላይ ጠብ ጠብ ይላል።

ለእኔ ያሉትን ክፍል ቀብተውት ጨረሱ። ሰማያዊ። አልጋም ገባ። ባሏ ኦብሳ መስኮቱ ላይ ሽቦ አድርጎ ትንኝ እንዳይገባ አድርጎታል። «አቦምሳ ሞቃት ነው እማዬ፣ ጉልበትሽም ይሻለዋል፤ ያንን ቤት ታከራዪዋለሽ» አለች። ስምምነታችን እንደሆነ ነው፤ ይህ ክረምት ላውንደሪዬን ከገደለው ለአዲስ ዓመት መጥታ ትወስደኛለች፤ ካልገደለው እዚሁ እቀራለሁ። ራሴ ነኝ ያልኩት። አፌ ነው ያለው።

ልጄ ደግ ናት። ደግነቷ ነው የሚያስፈራኝ። ክፉ ብትሆን እምቢ እላት ነበር።

ሐምሌ 8

ችኮላ ላይ ነኝ። የዲሹን አዳፕተር ቆርጬ አወጣሁ፤ ዲሹ ከተበላሸ ቆይቷል። የመጀመሪያውን ቀይ ከአዳፕተሩ ጋር። የመጀመሪያውን ጥቁር ከሁለተኛው ቀይ። የሁለተኛውን ጥቁር ከሦስተኛው ቀይ። እስከ ስድስተኛው፤ ከዚያ መልሶ ወደ አዳፕተሩ። እጅ ለእጅ ተያይዘው የቆሙ ሕፃናት መሰሉ። በጣም አማረ። ሰካሁ።

ምንም።

አንዱ ብቻ ነቅነቅ ያለ መሰለኝና እልል ልል ስል ለካ ፋጡ በሩን ከፍታ ነው ነፋስ የገባው።

«ዋኒ ኩን ማሊ? ይሄ ደግሞ ምንድነው?» አለች።

«ማራገቢያ።»

«ብርዱ አነሰሽና ልትጨምሪበት?» ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። እንዲህ ስንስቅ ኤሌክትሪኩም አብሮ ቢስቅ ምን ነበረበት?

ሐምሌ 11፣ ዓርብ

መምህር ፍሰሐ መጡ። ዓርብ ዓርብ ነው የሚመጡት። ድሮ እዚህ አሰላ ፈናንን ፊዚክስ ያስተምሯት ነበር፤ አሁን ጢቾ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ናቸው። ክረምቱን በየሳምንቱ ለመምህራን ስልጠና ይመጣሉ፤ የሳምንቱን ሸሚዞች ያስቀምጡና ያለፈውን ይወስዳሉ። ሚስታቸው ካረፈች ቆይቷል። ፈናን ስማቸው ሲነሳ እስካሁን ትደነግጣለች፤ «ያ ጨካኝ!» ትላለች። እኔ ግን ጭካኔያቸውን አላየሁም። እንዲያውም ሸሚዝ ሲቀበሉ በሁለት እጃቸው ነው።

ማራገቢያዎቹን አዩና መነጽራቸውን አወረዱ። «ወይዘሮ በቀለች፣ ይሄን ማን ሠራው?»

«እኔ ነኝ።»

«እርስዎ!» አሉ፤ የተደነቁ ይመስላሉ። ከዚያ ሽቦውን በጣታቸው እየተከተሉ፣ «ተከታታይ ነው ያደረጓቸው። አዳፕተሩ የሚሰጠው አሥራ ሁለት ቮልት ነው፤ እያንዳንዱም አሥራ ሁለት ነው የሚፈልገው። እርስዎ በሰልፍ ሲያቆሟቸው ያቺን አሥራ ሁለት ለስድስት ተካፈሏት። ሁለት ሁለት ቮልት ደረሳቸው። በሁለት ቮልት ማን ከእንቅልፉ ይነሳል?» አሉ።

እንዴት እንደሚስተካከል ሊነግሩኝ ሲሉ የጢቾ ሚኒባስ ሹፌር ጥሩምባውን ለቀቀው። «ይደውሉልኝ፣ በስልክ እነግርዎታለሁ» ብለው ሮጡ። በዚያ ዕድሜ እንዴት ይሮጣሉ!

ከሸሚዞቹ የአንዱ ቁልፍ ወልቋል። ተካሁት። ለደንበኛ ሁሉ የማደርገው ነው። ማለቴ፣ ቁልፍ የወለቀበት ደንበኛ ቢመጣ ለሁሉም አደርገዋለሁ። ቁልፉ ግን ከሸሚዙ ቀለም ጋር እንዲሄድ ብዬ ፋጡ ሱቅ ሦስት ጊዜ ተመላልሻለሁ።

ሐምሌ 13፣ እሑድ

ፈናን ከመደወሏ በፊት ደወልኩላቸው። የጢቾ ኔትወርክ እንደ ሐምሌ ፀሐይ ነው፤ ብልጭ ይልና ይጠፋል።

«ትይዩ ያድርጓቸው!» ይላሉ። «ተከታታይ ሳይሆን ትይዩ! ሰሙኝ? ት-ይ-ዩ!»

«ሰምቻለሁ!» አልኩ፤ ተቋረጠ። ለዚህ ነው እንግዲህ? እኔ ደግሞ ከባድ ነገር መስሎኝ ነበር! ሌላ አስተማሪ ቢሆን በእንግሊዝኛ ግራ ያጋባኝ ነበር፤ እሳቸው ግን ንጹሕ አማርኛ ነው የሚናገሩት፤ ተማሪዎቹ እንኳን ይስቁባቸው ነበር አሉ። ትይዩን የማያውቅ አለ? የእኔ ቤትና የፋጡ ሱቅ ትይዩ ነው።

ሐምሌ 15

የጓዳውን ክፍል ባዶ አደረግሁ። ኮምፔርሳቶ፣ ያንን ስስ ጣውላ፣ ገዝቼ፣ አናጢ ለምኜ፣ ስድስት ክብ አስቀደድኩ። ሦስቱን ማራገቢያ በዚህ ግድግዳ፣ ሦስቱን በዚያ ግድግዳ፣ ልክ ፊት ለፊት። አናጢው በገመድ ለካልኝ፤ አንዲት ጣት እንኳን አላዛነፍኩም። ዐይን ለዐይን ይተያያሉ። መሐላቸው የልብስ ገመድ። ከበር ላይ ቆሜ ሳያቸው ሽማግሌ የተቀመጠበት ቤት መሰለኝ፤ ግራና ቀኝ፣ ወግ ሊጀምሩ ሲሉ።

ሰካሁ። ምንም። ፀጥ።

ሐምሌ 16

ደወልኩ። ዛሬ ኔትወርኩ ጥሩ ነበር፤ ወይም መጥፎ ዕድሌ ጥሩ ነበር።

«መምህር፣ ትይዩ አድርጌያቸው እምቢ አሉኝ።»

«በትክክል አድርገዋቸዋል?»

«በገመድ ለክቼ! ሦስቱ እዚህ፣ ሦስቱ እዚያ። ፊት ለፊት። አንዱ አንዱን ያየዋል።»

ኔትወርኩ ሄደ ብዬ ስልኩን ላወርደው ስል አንድ ድምፅ ሰማሁ። መጀመሪያ ሳል መሰለኝ። ሳቅ ነው! ያ ፈናን የምትፈራው ሰው ትንፋሹ እስኪጠፋ ይስቃል! «ይቅርታ ወይዘሮ በቀለች... ይቅርታ... በሠላሳ ዓመት ማስተማር እንዲህ አድርጎ የተረዳኝ... ቃሉ እኮ እንደዚያ ነው! እርስዎ ነዎት ትክክል! ቃሉ ነው የተሳሳተው!» እያሉ እንደገና ይስቃሉ።

እኔስ? ማፈር ነበረብኝ። ስልኩን ይዤ መሬት ላይ ተቀምጬ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። እንዲህ ከሳቅሁ ስንት ጊዜዬ ነው?

ትይዩ ማለት ለካ የሽቦው ነው፣ የፊታቸው አይደለም። ቀዮቹ ሁሉ አንድ ላይ ወደ አዳፕተሩ ቀይ፣ ጥቁሮቹ ሁሉ አንድ ላይ ወደ ጥቁሩ። ማንም በማንም በኩል አያልፍም፤ እያንዳንዱ ከምንጩ ለራሱ ይቀዳል፤ ሁሉም ሙሉ አሥራ ሁለቱን ያገኛል። ሲነግሩኝ ገባኝ። ሲስቁም ይበልጥ ገባኝ።

ሐምሌ 17

ዞሩ!!!

አምስቱ ዞሩ። አንዱ አኮረፈ። ቀይና ጥቁሩን አገላብጬበት ነበር፤ አስተካከልኩለት፤ ዞረ። ጉዱ፣ ድምፃቸው! ልክ የንብ ቀፎ። ፋጡን ጎትቼ አመጣኋት፤ ሻሿ ተነፋፋ። «ሱብሃነላህ» አለች፣ ከዚያ ግን፣ «ለመሆኑ ሃዳ ፈናን፣ ለዚህ ነው ፊትሽ እንዲህ የበራው?» አለች። ሌላ ለምን ይበራል?

ሐምሌ 18

አዳፕተሩ ሞተ። ከሰዓት በኋላ የሚነድ ፕላስቲክ ሸተተኝ፤ ስነካው እንደ ትኩስ ድንች ግሏል። ነቀልኩት። አለቀ። ማራገቢያው ቆመ፣ አንሶላው ረጥቦ ቀረ፣ እኔ መሐል ቆሜ።

መምህር ፍሰሐ ዛሬ አልመጡም፤ መንገዱን ጎርፍ ዘግቶታል። ቁልፉን የተካሁበት ሸሚዝ መስቀያው ላይ ነው። ዓርብ ያለ እሳቸው ረጅም ቀን ነው። ሸሚዙ ቦታ ይዞብኝ ነው።

ሐምሌ 25፣ ዓርብ

ቱፋ ደላላው መጣ። «እትዬ፣ ኦብሳ ነው የላከኝ፤ ለማየት ብቻ» አለ። ለማየት ብቻ! ሳሎኑን በእርምጃ ለካ፤ ጣሪያውን አየ፤ ጓዳ ገብቶ በግድግዳው ላይ ስድስት ክብ ቀዳዳ ሲያይ፣ «ይሄ ምን ለማስገባት ነው?» አለኝ።

«ነፋስ።»

«ተከራይ ነፋስ አይወድም እትዬ።»

ልስቅበት ፈለግሁ፤ አልመጣልኝም። ሰው ቤትህን በእርምጃ ሲለካው ሆድህ ውስጥ የሚረግጥህ ነው የሚመስልህ። ከባሌ ከዋቅጅራ ጋር፣ ነፍሱን ይማርና፣ ጭቃውን አብረን ያቦካነው ቤት ነው።

እሱ ሳይወጣ መምህር ፍሰሐ ገቡ። ሰላምታ ተለዋወጡ። ቱፋ ለምን እንደመጣ ነገራቸው፤ ማን ጠየቀው! እሳቸው አዳፕተሩን አንስተው ጀርባው ላይ ያለችውን ደቃቅ ጽሑፍ መስኮት ጋ ሄደው አነበቡ፤ ብዙ አነበቡ። «ቮልቱ ትክክል ነው፤ አምፔሩ ነው ያነሰው» አሉ በመጨረሻ። «ቮልት ግፊቱ ነው፤ አምፔር ብዛቱ ነው። ይሄ አዳፕተር አንድ አምፔር ብቻ ነው መሸከም የሚችለው። ስድስቱ አንድ ላይ ሲጠጡ ከዚያ በላይ ይፈልጋሉ። ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም፤ ከአቅሙ በላይ ተሸክሞ ነው የሞተው። እኔ ትልቅ አመጣለሁ።»

ነሐሴ 2፣ ዓርብ

ፊደሌ ዛሬ ተዘበራርቋል፤ ጽሑፌን ማን ያነበዋል፣ እኔው ነኝ።

አዳፕተሩን አመጡ። አምስት አምፔር፤ የካሜራ ነው፤ እስከ አዳማ ወርደው ፈልገውት። ኮታቸውን አውልቀው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው ጓዳ ገቡ። እኔ ሽቦ እልጣለሁ፣ እሳቸው የሽቦ ማሸጊያ ናስትሮ ይጠቀልላሉ። ማራገቢያዎቹንም ከትይዩ አወረድናቸው፤ ምስኪኖቹ ነፋሳቸውን እርስ በርስ ይተፋፉ ነበር። አሁን ሦስቱ ከታች ወደ ውስጥ ይገፋሉ፣ ሦስቱ ከላይ እርጥቡን አየር ወደ ውጭ ይስባሉ። ሁሉንም በስልኬ ቪዲዮ ቀረጽኩ፤ ለፈናን እንድልከው።

ከዚያ እኔ፣ ወሬ ይዤ፣ ስለ ፔንሲዮኗ አንሶላ እየተረክሁ፣ አዳፕተሩ መሰካቱን ረስቼ ሁለቱን የተላጡ ሽቦዎች በአንድ እጄ ያዝኩ። ተነካኩ። ቷ! ብልጭታ!

«ልቀቂው!» ብለው ጮኹ፤ እጄንም ያዙ።

ምንም አልሆንኩም፤ አሥራ ሁለት ቮልት ሰው አይገድልም፤ እሳቸው ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ። አዳፕተሩም ብልህ ነው፤ ራሱን አጥፍቶ ተመልሶ ነቃ። እጄን ግን ወዲያው አልለቀቁትም። ከዚያ ለቀቁትና ጆሯቸው ቀላ። «ይቅርታ ወይዘሮ በቀለች፣ ደንግጬ ነው» አሉ።

ልቀቂው ነው ያሉት። ይልቀቁት አላሉም።

ነሐሴ 3

የሚገርመኝ አማርኛው ነው። ሰው ሲደነግጥ አጭር ቃል ይቀለዋል፤ ሌላ ምክንያት የለውም። ይልቀቁት ለማለት ጊዜ የለም። ስለዚህ እንዲሁ ነው። ሰባት ጊዜ ብዬ ሞከርኩት፤ ልቀቂው ያጥራል።

ነሐሴ 7

የፔንሲዮኗ አንሶላ በአንድ ሌሊት ደረቀ። ውጭ እንደ ጉድ ይዘንባል፣ ውስጥ ስድስቱ ይዘምራሉ። እመቤቲቱ አሸተተች፣ እንደገና አሸተተች፣ አንሶላውን ፊቷ ላይ አድርጋ ቀረች። «ከዛሬ ጀምሮ መጋረጃውንም አመጣልሻለሁ» አለች። የቸርቻችን መዘምራን ልብስም መጣ። ጌታ ይመስገን! ዘልዬ ጣሪያ ልነካ ምንም አልቀረኝም። ጉልበቴስ? የምን ጉልበት?

ነሐሴ 11፣ እሑድ

ቪዲዮውን ለፈናን ላክሁ። ወዲያው ደወለች፤ ጮኸች፣ ሳቀች፤ ኦብሳን ጠርታ አሳየችው። እኔ አሸነፍኩ ብዬ ልቤ ከፍ ሲል ድምፅዋ ዝቅ አለ።

«እማዬ፣ ልብሱስ ደረቀ። አንቺስ?»

«እኔ ምን ሆንኩ?»

«ማታ ማታ ከማን ጋር ነው የምታወሪው? ስልኩን ስዘጋው ሁሌም አንድ ነገር ልትነግሪኝ እንደጀመርሽ ነው የሚሰማኝ። ላውንደሪው አይደለም የሚያስጨንቀኝ። ብቻሽን መሆንሽ ነው። ለአዲስ ዓመት እመጣለሁ፤ እንሄዳለን።»

ስምምነታችንስ ልላት አልኩ። ግን ከልቧ ነው የምትናገረው።

ከዚያ፣ «ቪዲዮው ላይ ሽቦ የሚጠቀልለው እጅ የማነው?» አለችኝ።

«የመብራት ሠራተኛ ነው» አልኩ።

ለምን አልኩ? አንዲት ቃል ብነግራት እኮ የምትጨነቅበት ነገር ግማሹ ይቀንስ ነበር። ምኑ ነው የሚደበቀው? ሸሚዝ የሚያሳጥብ ሰው ነው። እግዚአብሔር ይይልኝ፣ ሸሚዝ የሚያሳጥብ ሰው ነው።

ነሐሴ 15፣ ሐሙስ

ከላይ ያለው መካከለኛው ማራገቢያ ቆመ። ሽቦው ወልቆ ነው። ሽቦ መቼም በራሱ ይወልቃል፤ ናስትሮ ያረጃል። ነገ ዓርብ መሆኑ ጥሩ አጋጣሚ ነው።

ነሐሴ 17፣ ቅዳሜ

ትናንት መጥተው ጠገኑት። ናስትሮውን በጣታቸው አገላብጠው አዩትና፣ «ይገርማል፣ የተቆረጠ ነው የሚመስለው» አሉ። «አይጥ ይሆናል» አልኩ። «ጎበዝ አይጥ ናት» አሉ። ዳቦና ሻይ አቀረብኩ። እስኪመሽ ቆዩ፤ የመጨረሻው ሚኒባስ አመለጣቸውና እህታቸው ቤት አደሩ። ብርሃን እንዴት እንደሚጓዝ አወሩልኝ፣ ስለ ሚስታቸው አወሩልኝ፣ እኔም ስለ ዋቅጅራ። እሳቸው ሲያዳምጡ ራሳቸውን ያዘነብላሉ። እኔ ስናገር ሰው የሚደክመው መስሎኝ ነበር።

ፋጡ ዛሬ ጠዋት፣ «አይጧ ምን ትመስላለች? እኔም ቤት ትላኪልኝ» አለችኝ። በጥፊ ልላት ምንም አልቀረኝም። ሳቄ ነው ያገደኝ።

ነሐሴ 23፣ ዓርብ

ሸሚዛቸውን እያጠፍኩ ሳለ፣ «ለመስከረም ወደ አሰላ ሊያዛውሩኝ ነው፤ ካልፈለግሁ ግን ጢቾ መቅረት እችላለሁ» አሉ። ሸሚዙን ሳጥፍ ቀና አላልኩም። «እርስዎ ግን አቦምሳ ሊሄዱ ነው አሉ። እውነት ነው?»

እውነት አይደለም፣ አልሄድም፣ ማን ይሄዳል! ይህን ነው ማለት የነበረብኝ። ቀኑን ሙሉ የማወራ ሴት፣ ማሽን ሳይቀር የማዋራ ሴት፣ «እንግዲህ ልጆቼ ካሉ...» አልኩ።

«ልጆች ካሉ፣ ልክ ነው» አሉ። ሻዩን ሳይጠጡ ወጡ። ሚኒባሱ ገና ጥሩምባ እንኳን አልነፋም ነበር።

ሞኝ። ሞኝ። ሞኝ በቀለች።

ነሐሴ 30፣ ዓርብ

አልመጡም። መንገዱ ክፍት ነው፤ የጢቾ ሚኒባስ መጥቷል፤ ሹፌሩን ጠየቅሁት። «ዛሬ መምህሩ የለም» አለ።

ማራገቢያዎቹ ይዞራሉ። የመዘምራኑ ልብስ ደርቋል። ሁሉም ነገር ይሠራል።

ጳጉሜ 3፣ ሰኞ

ፈናን ረቡዕ ትደርሳለች። ኦብሳ ለዓርብ አይሱዙ ተከራይቷል፤ አልጋዬንና ቁም ሳጥኑን ሊጭን። ማሽኑን የሚገዛ ሰው ቱፋ አግኝቷል።

ደወልኩላቸው። «መምህር፣ አንዱ ማራገቢያ...» ብዬ ጀመርኩ።

«ናስትሮ ያድርጉበት» አሉ፤ ቀስ ብለው።

«ማራገቢያው አይደለም» አልኩ። «ማራገቢያው ደህና ነው። እኔ ነኝ። መሄድ አልፈልግም። ልጄንም የሚመልስልኝ ሌላ ነገር የለኝም፣ እርስዎ ካል...» ቱት ቱት ቱት። ተቋርጧል። ከየት ጀምሮ እንደተቋረጠ አላውቅም። ተመልሼ ደወልኩ፤ «የደወሉላቸው ደንበኛ አሁን አይገኙም»።

እስካሁን ልቤ ይመታል። ከፍርሃት መሆን ነበረበት። ግን አልኩት እኮ! ሰሙም አልሰሙም ተናገርኩት! ኩሽና ውስጥ ብቻዬን እንደ ሞኝ እስቃለሁ።

መስከረም 1 ቀን 2018

ፈናን ትናንት መጣች፤ ወፍራለች፣ አምራለች። ጓዳ ገብታ ከማራገቢያዎቹ ሥር ቆመች፤ ፀጉሯ ተነሳ። «እማዬ፣ አንቺ ነሽ ይሄን የሠራሽው?» እያለች አለቀሰች፤ እያለቀሰችም ሳህኖቼን በጋዜጣ ትጠቀልላለች። ይሄ ልጅ! ከጠቀለለችው ኋላ ኋላዋ እየሄድኩ አንድ ሁለቱን ፈታሁ። እንዳላየች ሆና መጠቅለሏን ቀጠለች።

ከሰዓት በኋላ ካፊያ ጀመረ። በሩ ተንኳኳ፤ ከፈትኩ። ፍሰሐ! ዝናቡ ላይ፣ ያለ ዣንጥላ፣ በእጁ የሸሚዝ ፌስታል፤ በበዓል ቀን ማን ሸሚዝ ያሳጥባል! «እንኳን አደረሳችሁ» አለ።

ፈናን ከኋላዬ ብድግ ስትል ወንበሩ ወደቀ። እጇን ወደ ኋላ አጣምራ፣ «እንደምን ዋሉ ቲቸር» አለች። የሠላሳ ዓመት ሴት! 

«ፈናን ዋቅጅራ» አለ፤ «መስኮቱ ጋ የምትቀመጠው።»

«የቤት ሥራዬን ሠርቻለሁ ቲቸር» አለችና ራሷ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋን አቋረጠች። እሱ ደጅ ነው፤ ዝናቡ ከኮፍያው ጫፍ ይወርዳል። ሰማኝ ወይስ አልሰማኝም? ፊቱን አየሁት። ሰምቶኛል። እስከ መጨረሻው ሰምቶኛል፤ መልሱን ይዞ እስከዚህ መጥቷል፤ ግን ልጄ ፊት አይለውም፤ እኔን ነው የሚጠብቀው። ሚኒባሱ እንኳን የለም ጥሩምባ የሚነፋልን። ለእንግዳ ምን እንደሚባል ከሕፃንነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ይግቡ መምህር ነው የሚባለው። አፌን ከፈትኩ፤

«ግባ እንጂ ፍሰሐ፣ ብርድ እኮ ነው!»

አንተ ማለቴ ከአፌ ወጣ። ልጄ ፊት፣ በአዲስ ዓመት፣ ሙሉውን።

ገባ። ፌስታሉን በሁለት እጁ ሰጠኝ። «አሰላን ተቀብያለሁ» አለኝ፤ «ሰኞ እጀምራለሁ። አንቺ ካለሽ ማለቴ ነው።»

«አለሁ» አልኩ።

ፈናን እሱን አየች፤ እኔን አየች፤ እጁን አየች፤ እጁን ረጅም ጊዜ አየችው። «ይሄ ነው የመብራት ሠራተኛው?» አለች። አንገቴ ድረስ ጋልኩ። እሷ ግን የሰውየውን እርጥብ ኮት ተቀብላ ጓዳ ገመዱ ላይ ሰቀለችው፤ ስልኳን ይዛ ወደ ደጅ ወጣች። የበሩ ቆርቆሮ ቀጭን ነው፤ ሁሉም ይሰማል።

«ኦብሳ፣ አይሱዙውን መልሰው... አዎ፣ ዓርብም፣ ሌላ ቀንም አይመጣም... ክፍሉን? በቆሎህን አስገባበት... አይ፣ አልታመመችም። ኧረ በጭራሽ አልታመመችም! እንዴት ብዬ እንደምነግርህ... ቆይ መጀመሪያ ልሳቅ።»

እኔ ምንም አልሰማሁም። ሳህን እየፈታሁ ነበር።